መቼ ጀመረዎት?

የድንገተኛ ክፍላችን መዝገብ ትልቅ ነበር። ሲገለጥ ጠረጴዛውን ከዳር እስከ ዳር ይይዘዋል። ሽፋኑ ጥቁር ነው፤ ጀርባው ተገንጥሎ በቁስል ፕላስተር ለጥፈነዋል። ተራ ቁጥር፣ ቀን፣ ሰዓት፣ የካርድ ቁጥር፣ ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ፣ ምን ይዞት መጣ፣ ምን ተደረገለት የሚሉ ዓምዶች አሉት። የመጨረሻዋ ዓምድ ጠባብ ናት። እዚያ ላይ "ቤት"፣ "አልጋ" ወይም "ሪፈር" ይጻፋል። አንዳንዴ ደግሞ በቀይ እስክሪብቶ ሌላ ቃል ይጻፍባታል።

ከመጋቢት 2012 ወዲህ የተጻፉት ገጾች መልካቸው ሌላ ነበር። ቀለማቸው ገርጥቷል። በረኪናው ነው። ያኔ የማንረጨው ነገር አልነበረም። የበር እጀታ፣ ወንበር፣ የጫማችን ሶል፣ እስክሪብቶው፣ መዝገቡም ሳይቀር ይረጫል። ወረቀቱ እየረጠበ ይደርቃል፤ ሲደርቅ ይሸበሸባል። ገጹን ስትገልጠው እንደ ደረቀ ቆዳ ይንኮሻኮሻል።

ነርስ ነኝ። ያን ጊዜ ደሴ በአንድ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል እሠራ ነበር። ይህን ጽሑፍ ለብዙ ጊዜ በልቤ ይዤው ቆይቻለሁ። ስለ ኮቪድ ብዙ ተብሏል። እኔ የምጽፈው ግን በኮቪድ ስለታመሙት ሳይሆን ስላልመጡት ሰዎች ነው።

የመጀመሪያው ታማሚ አዲስ አበባ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ቀን 2012 ነው። ዕለቱ አርብ ነበር። ከቡርኪና ፋሶ የመጣ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ነው ተባለ። ከሁለት ቀን በፊት የዓለም ጤና ድርጅት ነገሩን ወረርሽኝ ብሎ አውጆታል። መጋቢት 7 ትምህርት ቤት ተዘጋ። መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ወጣ። መኪና በግማሽ እንዲጭን ተባለ፤ ታሪፉም ጨመረ። በየሱቁ በር ጀሪካን ተሰቀለ። እዚህ ደሴ ፒያሳ ላይ ሰው ሰላምታውን በክርኑ ማድረግ ጀመረ። ለወሎ ሰው ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። እኛ ጉንጭ ለጉንጭ ሳንሳሳም፣ ትከሻ ለትከሻ ሳንገጫጭ ሰላም ያልን አይመስለንም።

እኛ ደግሞ ተዘጋጀን። በሩ ላይ ድንኳን ተተከለ። የሙቀት መለኪያው በየሰው ግንባር ይደገን ጀመር። አልጋ ተለቀቀ፣ ኦክስጅን ተቆጠረ፣ ያለችው ማስክ በቁልፍ ተቀመጠች። ጎርፉ ይመጣል ብለን በሩን እያየን ተቀመጥን።

ጎርፉ አልመጣም። ያኔ የመጣው ጸጥታ ነው።

ድንገተኛ ክፍልን የሚያውቅ ሰው ይህ ጸጥታ ምን ያህል እንግዳ እንደሆነ ይገባዋል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ መቀመጫ አይገኝም። ባጃጅ ተገልብጦበት የመጣ አለ። ሐረጎ ላይ መኪና ተጋጭቶ ሦስት አራት ሆነው የሚመጡ አሉ። አስም ያፈናት እናት፣ ተቅማጥ ያደከመው ሕፃን፣ ጠጥቶ የተፈነከተ ጎረምሳ፣ ምጥ የበዛባትና ከኩታበር በቃሬዛና በመኪና የደረሰች ሴት አለች። በአንድ አዳር ሁለት ሦስት ገጽ ይሞላል። በዚያ ሚያዝያ ግን ግማሽ ገጽ ሳይሞላ ይነጋ ነበር።

ደስ አለን። ይህን መደበቅ አልፈልግም። "አልሐምዱሊላህ፣ ዛሬስ ሰላም አደርን" እንባባላለን። ተረኛው ሐኪም ወንበር ላይ ጋደም ይላል። እኔ ሻይ አፈላለሁ። እግዜር ራርቶልናል፣ ሕዝቡ ጤና ሆኗል ብዬ አስቤ ነበር።

ይህን ሐሳቤን ያፈረሰው አንድ ገበሬ ነው። ዕድሜው ወደ ሃምሳ የሚጠጋ፣ ከደላንታ በኩል የመጣ። ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሯል። ስነካው ጥርሱን ነከሰ እንጂ አልጮኸም። ትርፍ አንጀቱ ፈንድቶ ነበር።

"አባቴ፣ መቼ ጀመረዎት?" አልኩት።

"ሳምንት ሊሞላኝ ነው።"

"ታዲያ እስካሁን ምን ይጠብቁ ነበር?"

ቀና ብሎ አየኝ። "እዚያ የገባ አይወጣም አሉኝ፣ ሲስተር። ትኩሳት አለህ ካሉኝ ወስደው ይዘጉብኛል። ቤተሰቤንም ንክኪ ነው ብለው ይወስዱብኛል።"

ወደ ቀዶ ሕክምና ገባ። እኔ መዝገቡ ላይ "የሆድ ሕመም" ብዬ ጻፍኩ። ዓምዱ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ለሳምንቱ ቦታ የለውም። ለፍርሃቱም ቦታ የለውም። ይህ ሰው እዚያ መዝገብ ላይ ትናንት ሆዱን ቆርጦት ዛሬ ከመጣ ሰው ጋር አንድ ሆኖ ተቀመጠ።

በማግስቱ ከአንድ ሱቅ ባለ 50 ሉክ ደብተር ገዛሁ። በማስመሪያ ሦስት ዓምድ አሰመርኩበት። ምን ይዞት መጣ፤ መቼ ጀመረው፤ ለምን ዘገየ። ስም አልጻፍኩም። ማንም አላዘዘኝም። ተረኛ በሆንኩበት ሌሊት ሁሉ እጽፍ ነበር።

ስለ መጀመሪያው ዓምድ ትንሽ ልበል። ሰው ድንገተኛ ክፍል ሲገባ የበሽታውን ስም ይዞ አይመጣም። ቃል ይዞ ነው የሚመጣው። "ልቤን ወጋኝ።" "ውጋት ያዘኝ።" "ምች መታኝ።" "መጋኛ ጣለኝ።" "ዓለም ዞረብኝ።" "እጄ አልታዘዝ አለኝ።" ከዓመታት በኋላ እነዚህን ቃላት መስማት ትለምዳለህ። መጋኛ ነው ያለህ ሰው አንዳንዴ የጡንቻ ሕመም ነው ያለበት። አንዳንዴ ሳንባው ተጎድቷል። አንዳንዴ ደግሞ ልቡ ነው፤ ያኔ ቶሎ ካልተነሣህ ያመልጥሃል። እኛ ግን ቃሉን ወዲያው ወደ እንግሊዝኛ ገልብጠን አጠር አድርገን እንጽፈዋለን። ሰውየው የተናገረው ይጠፋል። ሁሌም ይቆጨኛል።

የሚቆጨኝ ቃሉ ስለሚያምር ብቻ አይደለም። ቃሉ ለሥራ ይጠቅማል። አሜሪካ ውስጥ የድንገተኛ ክፍል ጉብኝትን የሚከታተሉት በዚህ መንገድ ነው። በሽተኛው በር ላይ "ምን ይዞህ መጣ?" ተብሎ የተናገረው ነገር ኮምፒውተር ላይ ይገባል። የላቦራቶሪ ውጤት ሳይጠበቅ፣ ሐኪሙ የበሽታውን ስም ሳይሰጠው፣ ወደ ማዕከል ይላካል። ወረርሽኝ ሲነሣ ቀድሞ የሚታየው እዚያ ላይ ነው። በአንድ ከተማ "ሳል፣ ትኩሳት" የሚለው ቃል በድንገት ከበዛ፣ ምክንያቱ ገና ባይታወቅም አንድ ነገር እንዳለ ይታወቃል።

ሰኔ 2012 ላይ አንድ ጓደኛዬ ከዚያ አገር የወጣ ሪፖርት በቴሌግራም ላከልኝ። ሲዲሲ የሚባለው የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከላቸው ያወጣው ነው። በአዳር ተረኛነት ላይ ሆኜ በስልኬ አነበብኩት። ከ47 ግዛቶች የተሰበሰበ መረጃ ነው። ከመጋቢት 20 እስከ ሚያዝያ 17 ባሉት አራት ሳምንታት ወደ ድንገተኛ ክፍል የሄደው ሰው፣ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት ጋር ሲተያይ በ42 በመቶ ቀንሷል። በፊት በሳምንት በአማካይ 2.1 ሚሊዮን ጉብኝት ነበር፤ 1.2 ሚሊዮን ሆነ። ይበልጥ የቀሩት 14 ዓመትና ከዚያ በታች ያሉ ልጆችና ሴቶች ናቸው። እንግሊዝም እንዲሁ ነው፤ በፈረንጆቹ ኤፕሪል ወር ወደ ድንገተኛ ክፍል የሄደው ሰው ከዓመት በፊቱ በ57 በመቶ አንሷል።

ብቻዬን ጮክ ብዬ "እነሱም?" አልኩ። እኔ የእኛ ሰው ብቻ ነበር የፈራ የመሰለኝ። የመኪና ታሪፍ፣ የመንገድ ርቀት፣ ወሬ። ለካ አምቡላንስ ደጁ ድረስ የሚመጣለትም ሰው ፈርቶ ቤቱ ተቀምጧል።

ቀጥሎ የወጣው ሪፖርት ደግሞ እንቅልፍ ነሣኝ። አሜሪካ ብሔራዊ የአስቸኳይ ጊዜ ያወጀችው መጋቢት 4 ነው፤ እኛ የመጀመሪያውን ታማሚ ባገኘንበት በዚያችው አርብ። ከአዋጁ በኋላ ባሉት 10 ሳምንታት በድንገተኛ የልብ ሕመም (ሃርት አታክ) ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጣው ሰው በ23 በመቶ ቀነሰ። በስትሮክ የመጣው በ20 በመቶ። ስኳሩ ከልክ አልፎ ወጥቶበት የመጣው በ10 በመቶ።

ይህን ቁጥር እንደ ነርስ አስቡት። ሰው ማስክ አደረገ ተብሎ የልብ ደም ሥር መዘጋቱን አይተውም። ወረርሽኝ መጣ ብሎ ስኳር ቦታ አይለቅም። በሽታው ያው ነው። በሩ ላይ የቆመው ሰው ነው የጎደለው።

ለነገሩ ቁጥር ሲቀንስ ሁሉም ክፉ ነው ማለቴ አይደለም። መኪና በመቀነሱ አደጋ መቀነሱ እውነት ነው፤ እኛም ጋ አይተነዋል። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች ጉንፋኑን እርስ በርስ አይቀባበሉም። መሸታ ቤት ሲዘጋ ፍንክት ይቀንሳል። እጅ መታጠቡ ራሱ የተቅማጡን ነገር ሳያግዝ አይቀርም። ስለዚህ ጠቅላላ ድምሩን ብቻ ያየ ሰው ምንም አላየም። መበተን አለበት። አደጋው ለብቻ፣ ትኩሳቱ ለብቻ፣ የደረት ውጋቱ ለብቻ፣ ምጡ ለብቻ። የተፈነከተ ሰው ቢቀንስ ተመስገን ነው። ምጥ የያዛት ሴት ብትቀንስ ግን "የት ሄደች?" ማለት ያስፈልጋል። በወረርሽኝ ምክንያት የቀረ እርግዝና የለም። ሴትየዋ ቤቷ ወልዳለች ማለት ነው።

የሚገርመው፣ ለመጨመር እንጂ ለመቀነስ ደወል የለንም። ወባ ባለበት ቆላ፣ ቃሉ ወረዳ አካባቢ በየጤና ጣቢያው ግድግዳ ላይ የወባ መከታተያ ሰንጠረዥ ይለጠፋል። ካለፉት ዓመታት ተሰልቶ መስመር ይሰመርበታል። የሳምንቱ ቁጥር መስመሩን ወደ ላይ ሲያልፍ ወዲያው ሪፖርት ይደረጋል፣ ሰው ይላካል። ጥሩ ሥራ ነው። ለስንቱ ነፍስ ደርሷል። ታችኛው መስመር ግን የለም። ወረርሽኝ በሌለበት ጊዜ ላያስፈልግ ይችላል። ወረርሽኝ ባለበት ጊዜ ግን የሳምንቱ ቁጥር በድንገት ሲወርድ ስልክ የሚደውል ሰው ያስፈልጋል። እኛ ጋ ማንም አልደወለም። እኛም ለማንም አልደወልንም። ሻይ ነበር የምናፈላው።

ሁላችንም የምናየው ሌላ ቁጥር ነበር። የወቅቱ የጤና ሚኒስትር ዶክተር ሊያ ታደሰ በየቀኑ የሚያወጡትን። ስንት ተመረመረ፣ ስንት ተያዘ፣ ስንት አገገመ፣ ስንት ሞተ። ሻይ ቤቱም፣ ታክሲውም፣ ለቅሶ ቤቱም የሚያወራው እሱን ነው። መነገር ነበረበት፤ ሰው እንዲጠነቀቅ አድርጓል። ነገር ግን ያ ቁጥር ትርፍ አንጀቱ የፈነዳውን ገበሬ አይቆጥርም። አጎቴንም አይቆጥርም።

አጎቴ የእናቴ ታላቅ ወንድም ነው። ሐይቅ ነው የሚኖረው። እናቴ ስታገባ ክርስትና ተነሣች፤ እሱ እስላም ነው። ፋሲካን እኛ ቤት፣ ኢድን እሱ ቤት ነው ያደግነው። ስኳር ካለበት ብዙ ዓመቱ ነው። በየጊዜው ደሴ ለክትትል ሲመጣ በፌስታል ብርቱካን ይዞልኝ ይመጣል፤ እኔ ደግሞ መድኃኒቱን አውጥቼ እሰጠዋለሁ።

ረመዳን በገባ በሳምንቱ፣ ሚያዝያ መጨረሻ አካባቢ ደወለ።

"እታለም፣ እግሬ ላይ ትንሽ ቁስል ወጣችብኝ። ጫማው ነው መሰለኝ የላጠኝ። ልምጣ ወይ?"

"ኧረ አይምጡ!" አልኩት። ድምፄ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ። "እዚህ መምጣት አሁን ጥሩ አይደለም። ለርስዎ ዕድሜና ለስኳር በሽተኛ በሽታው ይከፋል። ለብ ባለ ውሃ ይጠቡት፣ በንጹሕ ጨርቅ ይሸፍኑት። ቤት ይቆዩ።"

"እሺ፣ አንቺ ካልሽ" አለኝ።

የስኳር በሽተኛ እግር ላይ ቁስል ትንሽ የሚባል ነገር እንደሌለው አውቃለሁ። ተምሬዋለሁ፤ ለስንት ሰው አስተምሬዋለሁ። ነርቩ ስለደነዘዘ አያምም። ስለማያም ሰው ይዘናጋል። ደም በደንብ ስለማይደርስ አይድንም። ይህን ሁሉ እያወቅኩ አይምጡ አልኩት። እንዳይያዝብኝ ፈርቼ ነው። ስወደው ነው።

ከዚያ በኋላ ሁለት ጊዜ ደውዬለታለሁ። "ደህና ናት፣ እየደረቀች ነው" አለኝ። ሊያስጨንቀኝ ስላልፈለገ ነው። ግንቦት 16 ኢድ ሆነ። እንኳን አደረስዎ ልለው ስደውል ስልኩን ያነሣችው ልጁ ናት። "እሱ ተኝቷል" አለችኝ። ቀጥላ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "ይሸታል" አለች።

በማግስቱ ሚኒባስ ኮንትራት ይዘው አመጡት። ማስክ ደርቤ ነበር የቆምኩት፤ ሽታው በሁለቱም በኩል አልፎ ደረሰኝ። ልጁ የጠቀለለችበትን ነጠላ ስፈታው አውራ ጣቱና አጠገቡ ያለው ጠቁረዋል። ጥቁረቱ ወደ ቁርጭምጭሚቱ እየወጣ ነው። ነጠላው ታጥቦ ታጥቦ የሳሳ፣ ጥለቱ አረንጓዴ ነበር። ንጹሕ ነበር። "በንጹሕ ጨርቅ" ያልኩትን ሳያጎድል ነው የፈጸመው።

እግሩ ከጉልበቱ በታች ተቆረጠ። ሲነቃ አጠገቡ ነበርኩ። መጀመሪያ የጠየቀኝ ስለ እግሩ አይደለም። "ዙህር አለፈኝ?" አለ። ሰዓቱን ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ "እንግዲህ ተቀምጦ መስገድ ነው" አለ። እኔ ማልቀስ ስጀምር እጁን ዘርግቶ ክንዴን ያዘኝ። "አብሽሪ። ቀደር ነው።"

እሱ ቀደር፣ የአላህ ውሳኔ፣ ይበለው። እኔ ግን ያን ዕለት ሌሊት ደብተሬን አወጣሁ። ምን ይዞት መጣ፤ የእግር ቁስል። መቼ ጀመረው፤ አንድ ወር። ለምን ዘገየ የሚለው ጋ ስደርስ ብዙ ቆየሁ። በመጨረሻ "ነርስ አትምጣ ብላው" ብዬ ጻፍኩ።

ከዚያ ወዲያ "ቤት ይቆዩ" የሚለውን ማስታወቂያ ባየሁ ቁጥር ጎደሎ ሆኖ ይታየኛል። ትክክል ነበር፤ ግን ግማሽ ነው። ሁለተኛው መስመር መኖር ነበረበት። ደረትዎን ከወጋዎት ይምጡ። ግማሽ አካልዎ ካልታዘዘዎት ይምጡ። ነፍሰ ጡር ደም ካየች ትምጣ። ሕፃኑ ጡት ካልጠባ ይምጣ። ስኳር ካለብዎትና እግርዎ ከቆሰለ ይምጡ። ያኔ በኮቪድ የስልክ መስመር በ8335 ለሚደውለው ሰው ስለ ሳልና ስለ ትኩሳት ነበር የሚነገረው፤ በየግድግዳውም የተለጠፈው ስለ እሱ ነበር። ለሌላው ሕመም ሰው የሚጠይቀው የሚያውቃትን ነርስ ነው። ነርሷ ደግሞ እንደኔ ናት።

ይህ ነገር ለእኛ አህጉር አዲስ አልነበረም። ኢቦላ ከ2014 ጀምሮ በፈረንጅ አቆጣጠር ጊኒን፣ ላይቤሪያንና ሴራሊዮንን ሲያምስ ከ11 ሺህ በላይ ሰው ገደለ። ከዚያ ጎን ለጎን ደግሞ ጤና ተቋም ፈርቶ በወባና በወሊድ ቤቱ የሞተ ሰው ነበር። የተጻፈ ነው፤ የታወቀ ነው። ትምህርቱ ግን እስከ እኛ ድንኳን ድረስ አልደረሰም።

ያልመጡትን ለማግኘት መዝገብ አይረዳም። መዝገብ የመጣን ብቻ ነው የሚያውቀው። እኔ ያገኘኋቸው ቅሬ ላይ ነው።

ለማያውቅ አንባቢ፣ ቅሬ ሌላው አገር ዕድር የሚለው ነው። ወሎ ውስጥ እስላሙም ክርስቲያኑም በአንድ ቅሬ ይቀበራል፤ ድንኳኑን አብሮ ይተክላል፣ አፈሩን አብሮ ያለብሳል። የሰፈራችን ቅሬ ጸሐፊ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። 2013 እንደገባ አንድ እሑድ የወር መዋጮ ልከፍል ሄድኩ። ደብተራቸው ፊታቸው ተዘርግቷል። የሞተው ሰው ስም፣ ቀን፣ የወጣው ገንዘብ። ደሴ ዝናብ እየጣለ ነበር፤ ቆርቆሮው ይንጣጣል። ቁጭ አልኩ።

"ጋሼ፣ ከሚያዝያ ወዲህ ያሉትን ያነቡልኛል?" አልኳቸው።

አነበቡልኝ። በየስሙ ላይ ቆም እያሉ ያወሩልኛል። ይቺ በጠዋት ቡና ልታፈላ ተነሥታ ወደቀች። ይሄ ሌሊት ውጋት ብሎ ሲነጋ ሄደ። ይቺ የስኳር መድኃኒቷ አልቆባት ነበር። ይቺ አራስ ነበረች። "ሆስፒታል ሄደው ነበር?" እላለሁ። "ኧረ ማን ይወጣል ያኔ!" ይላሉ። አንዳንዶቹን አውቃቸዋለሁ፤ ፈገግታቸውን አውቀዋለሁ። እኛ ግማሽ ገጽ ሳይሞላ ነጋ ባልንበት ሌሊት፣ የእሳቸው ደብተር ላይ መስመር ተጨምሯል።

አዲስ አበባ ውስጥ ከ1990ዎቹ ጀምሮ ከየመቃብር ቦታው የሟቾችን መረጃ የሚሰበስብ ሥራ ተጀምሮ ነበር። ጥሩ ሐሳብ ነው። እኛ ደግሞ ቅሬ አለን። ጸሐፊ አለው፣ ደብተር አለው፣ ቀን አለው፤ ማን እንደሞተ ከማንም ቀድሞ ያውቃል። በወረርሽኝ ጊዜ በየሳምንቱ አንድ ሰው ከጤና ጣቢያ ወጥቶ ከቅሬ ጸሐፊዎች ጋር ሻይ ቢጠጣ፣ የድንገተኛ ክፍሉን መዝገብ ይዞ ቢመጣ፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርጎ ቢያይ፣ ጸጥታው ምን እንደሆነ በአንድ ወር ውስጥ ይታወቅ ነበር። ይህን ለአለቆቼ አቅርቤዋለሁ። ሰምተውኛል። ከዚያ በኋላ ሌላ ነገር መጣ።

ከዚያ በፊት ግን አንድ ነገር። አያቴ ስለ ኅዳር በሽታ ታወራ ነበር። እሷም ከእናቷ የሰማችው ነው። በ1911 የገባው ያ ወረርሽኝ አዲስ አበባን በሬሳ እንደሞላ፣ አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው እንደተረፉ በታሪክ ይታወቃል። ዛሬም ኅዳር 12 ቀን በየሰፈሩ ቆሻሻ ተሰብስቦ ይቃጠላል፤ ጭሱ ደሴን ሞልቶ ጦሳ ተራራ ላይ ይንጠለጠላል። ከዚያ ሁሉ ሞት በእጃችን የቀረው ጭሱ ነው። በየመንደሩ ማን በምን እንደሞተ፣ ማን በጉንፋኑ፣ ማን ደግሞ የሚያበላው ጠፍቶ እንደሞተ የጻፈ ሰው አላገኘሁም።

ሌላው ነገር ጦርነቱ ነው። በ2014 ጥቅምት ውስጥ ደሴ ከእጅ ወጣች፤ የተመለሰችው ኅዳር 27 ነው። እኛ ብዙዎቻችን በእግርም በመኪናም ወደ ደብረ ብርሃን ሸሽተናል። ስንመለስ የካርድ ክፍሉ ወለል እስከ ቁርጭምጭሚት ወረቀት ነበር። መዝገቡን ፈለግሁት። ያ ጥቁር ሽፋን፣ ያ በፕላስተር የተለጠፈ ጀርባ። የለም። የ2012 ሚያዝያና ግንቦት፣ ያ በበረኪና የገረጣ ቀለም፣ የገበሬው መስመር፣ የአጎቴ መስመር፣ አንዱም የለም።

ባለ 50 ሉኩ ደብተር ግን ቦርሳዬ ውስጥ ነበር። ለምን እንደያዝኩት እኔም አላውቅም። ስንወጣ የልጄን ልብስ፣ የትምህርት ማስረጃዬንና እሱን ነው ያነሣሁት።

ባለፈው ወር አጎቴ ደወለ። አሁን በምርኩዝ ነው የሚሄደው፤ ሰው ሠራሽ እግሩን የሚያደርገው ለጁምዓ ብቻ ነው። "እታለም፣ በደህናው እግሬ ተረከዝ ላይ አንዲት ነገር..." ብሎ ጀመረ።

አላስጨረስኩትም። "አሁኑኑ ይምጡ" አልኩት።

ከሰዓት በኋላ 8 ሰዓት ሳይሞላ ደረሰ። ፌስታሉን እንደያዘ ነው። ተረኛ የነበረችው አዲስ የተመደበች ልጅ ናት። አዲሱን መዝገብ ገልጣ ስም፣ ዕድሜ፣ አድራሻ እያለች ስትጽፍ አጠገቧ ቆምኩ። የአሁኑ መዝገብ ታትሞ የሚመጣ ነው፤ ዓምዶቹ ያምራሉ። እኔ የምፈልገው ዓምድ ግን እዚህም የለም። እስክሪብቶውን ተቀበልኳት።

"መቼ ጀመረዎት?" አልኩት።

"ዛሬ ነው ያየኋት። ለሱብሒ ውዱእ ሳደርግ።"

ከመስመሩ ዳር፣ ከጠባቧ ዓምድ ውጪ፣ "ዛሬ ጠዋት" ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ጎንበስ ብዬ ካልሲውን አወለቅኩለት።